«ገና ነህ» ማለትን እስክለምድ፦ በስፖርት ሕክምና ያሳለፍኳቸው ዓመታት

በአጥንት ቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ አድርገው በስፖርት ሕክምና ለመቀጠል የሚያስቡ ወጣት ሐኪሞች ምክር ሲጠይቁኝ፣ አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከቀዶ ሕክምናው ነው። የትኛውን ጅማት እንደምመርጥ፣ በዓመት ስንት ጉልበት እንደምሠራ፣ የት ቢሠለጥኑ እጃቸው ቶሎ እንደሚፈታ ይጠይቁኛል። እኔም በእነሱ ዕድሜ ሳለሁ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ ከሠራሁ በኋላ ግን የተሳሳትኩባቸውን ውሳኔዎች አንድ በአንድ ሳስታውስ፣ እጄ ያጠፋው ጥቂት ሆኖ አገኘዋለሁ፤ የሚበዛው መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩበት ነው። በዚህ ሙያ እጅግ የከበደኝ፣ ለመጫወት የቸኮለን ወጣት ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ገና ነህ» ማለት ነበር። ይህን የምጽፈው ወደ ሙያው የሚገቡ ሐኪሞች ከእኔ ቀድመው እንዲለምዱት፣ ጉልበታቸው የተጎዳ ስፖርተኞችም ሐኪማቸው ለምን እንደሚያዘገያቸው እንዲረዱ በማሰብ ነው።

ስለ ሥልጠናው ብዙ አልልም። ከጠቅላላ ሕክምና ትምህርት በኋላ የአጥንት ቀዶ ሕክምናው እንደየአገሩ ከ4 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ በአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ መጋጠሚያን እያዩ በማከም) እና በስፖርት ጉዳቶች ላይ የሚያተኩር፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚፈጅ ተጨማሪ ሥልጠና አለ። የስፖርት ሐኪም ሁሉ ቀዶ ሐኪም አለመሆኑን ግን ገና ከመነሻው ማወቅ ይበጃል። ከስፖርተኞች ጉዳት አብዛኛው ቢላዋ ሳይነካው የሚድን በመሆኑ፣ ቀዶ ሕክምና የማይሠሩ የስፖርት ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች ከእኛ ይልቅ ብዙ ሰው ያድናሉ። ይህን መቀበል የከበደው ቀዶ ሐኪም በዚህ ዘርፍ ደስተኛ ሆኖ ሲሠራ አላየሁም።

እጅን የሚፈታው አርትሮስኮፒ ነው። መጋጠሚያን ሳይከፍቱ በቀዳዳ የማየት ሐሳብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1918 ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ ለፊኛ መመርመሪያ በተሠራ መሣሪያ የአስከሬን ጉልበት ውስጡን በተመለከተ ጊዜ ነው፤ የእሱን ፈለግ የተከተለው ማሳኪ ዋታናቤ በ1962 የተቀደደ ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መሐል እንደ ትራስ የሚያገለግለውን አካል) በዚሁ መንገድ ቆርጦ አወጣ። እኛ ዛሬ የምንይዘው ካሜራ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ጫፉም በ30 ዲግሪ ያዘመመ ነው። ስለዚህ የሚያሳየው ቀጥታ ፊት ለፊቱን ሳይሆን ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነው፤ ዘንጉን በእጅ ባዞሩት ቁጥርም በአንድ ቀዳዳ ገብተው የተለያየ አቅጣጫ ያያሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በስክሪኑ ላይ ያለው ጉልበት የሚገለባበጥ ይመስለኝ ነበር። በግራ እጄ ካሜራ፣ በቀኜ መቁረጫ ይዤ መቁረጫው ከዓይኔ ሲሰወር፣ ካሜራውን እያንቀሳቀስኩ እፈልገው ነበር። አሠልጣኜ አንድ ቀን እጄን ያዝ አድርገው፣ «ካሜራውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ አቁመው፤ ከዚያ መሣሪያውን ወደ ብርሃኑ አምጣው እንጂ ብርሃኑን ይዘህ መሣሪያ ፍለጋ አትሂድ» አሉኝ። በጊዜ ብዛት የቀሰምኩት ሌላው ሁሉ በዚህ ምክር ላይ የተጨመረ ነው።

ራሴን ችዬ መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ታካሚው የ22 ዓመት የእጅ ኳስ ተጫዋች ሲሆን፣ በጉልበቱ ውስጥ የፊት መስቀለኛ ጅማት፣ ስፖርተኛው ሁሉ ኤሲኤል የሚለው፣ ሙሉ በሙሉ ተበጥሶበት ነበር። የተበጠሰው ጅማት በአብዛኛው ተመልሶ ስለማይሰፋ፣ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከታካሚው ገላ ሌላ ጅማት ወስደን በቦታው እንተክላለን። ያሰብኩት ከቋንጃው ጅማቶች ለመውሰድ ነበር። ከጉልበቱ በታች፣ በቅልጥሙ የውስጥ ጎን በኩል ትንሽ ቀድጄ ጅማቱን በጣቴ አነሣሁት፤ ጫፉ ቀለበት የሆነውን ረጅሙን መግፈፊያም አጠለቅኩበት። ይህ ጅማት ወደ ባቱ የሚሄዱ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ስላሉት፣ እነሱ ሁሉ ቀድመው ካልተቆረጡ ቀለበቱ ከቅርንጫፉ ጋር ይታጠፍና ዋናውን ጅማት መሐል ላይ ይበጥሰዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጅማቱን ሳብ ሲያደርጉት የባቱ ቆዳ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ ያልተቆረጠ ቅርንጫፍ ቀርቷል ማለት ነው። በዚያን ቀን ሦስተኛው ታካሚዬ ነበር፤ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ሌላ ስለመኖሩ ባቱን ሳላይ ገፋሁት። እጄ ላይ የነበረው ግትርነት በድንገት ላላ። ከ24 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ሊወጣ የሚገባው ጅማት 11 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወጣ። መሣሪያ የምታቀብለኝ ነርስ ተቀብላ ትሪው ላይ አጋደመችው፣ ማስመሪያውንም ከጎኑ አስቀመጠች፤ ምንም ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ ወደ ሎሚው ጅማት ዞርኩ። ከጉልበቱ ሎሚ ወደ ቅልጥሙ ከሚወርደው ጅማት የመሐሉን ሲሶ፣ በሁለቱም ጫፍ ከአጥንት ቁራጭ ጋር ወስጄ ተከልኩለት፤ ቀዶ ሕክምናው በራሱ በሰላም አለቀ። የከፋው በማግሥቱ ጠዋት ነበር። ልጁ ፋሻውን እያየ፣ «ለምን ሁለት ቦታ ተቀደድኩ ዶክተር?» ብሎ ጠየቀኝ። የፈረመው የፈቃድ ቅጽ ላይ «እንደ አስፈላጊነቱ ሌላ ጅማት ሊወሰድ ይችላል» የሚል መስመር ነበረ፤ እኔ ግን በአፌ አልነገርኩትም። የመጀመሪያው ሐሳቤ ጅማቱ ቀጭን ነበር ብሎ ማለፍ እንደነበር አልደብቅም። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰና፣ ስወስደው እንደበጠስኩት፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ቀጥሎ የጠየቀኝ መቼ መራመድ እንደሚችል ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንኛውም የጅማት ተከላ በፊት የታሰበው ጅማት ቢበላሽ ከየት እንደምወስድ ቦታውን በጣቴ እያሳየሁ እነግራለሁ፤ ስሕተት በተፈጠረ ጊዜም ታካሚው ከሌላ ሰው ሳይሰማ፣ ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ እንደለቀቀው ራሴ ሄጄ እናገራለሁ። ለሌላ ሐኪም አስተላልፈው የሚሄዱ አሉ፤ እኔ ግን ይህን ነውር አድርጌ ነው የማየው።

የትኛው ጅማት ይሻላል የሚለው ክርክር በየስብሰባው ሰዓት ይፈጃል። የሎሚው ጅማት አጥንት ከአጥንት ጋር ስለሚገጥም ፈጥኖ ይይዛል፤ ነገር ግን ተንበርክኮ ለሚሠራ ሰው የፊት ጉልበት ሕመም ሊተውበት ይችላል። የቋንጃው ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ግን ተደራርቦ ውፍረቱ ከ8 ሚሊ ሜትር ሲያንስ፣ በተለይ በለጋ ስፖርተኛ ላይ፣ የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ከጭኑ ፊት ጡንቻ ጅማት የሚወስዱም በዝተዋል። አንድ ቀዶ ሐኪም ቢያንስ ሁለቱን አጥርቶ ማወቅ አለበት፤ አንዱን ብቻ የሚችል ሰው ጉልበቱን ሁሉ ለሚችለው ጅማት ሊያስማማ ይሞክራል።

ከቋንጃው ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ያለ አንዳች የእጅ ስሕተት የሠራሁት የ19 ዓመት አጥቂ ነው። ተከላው ያማረ ነበር። በስድስተኛው ወር ጉልበቱ አያብጥም፣ አያምም፣ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ልጁም በቀጥታ መስመር እንደ ድሮው ይሮጣል። የቡድኑ ወሳኝ ጨዋታ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ አሠልጣኙ ደወሉ፣ አባቱ ደወሉ፣ ልጁ ራሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጨርሶ መከልከል አልሆነልኝም፤ «ወደ ልምምድ መመለስ ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። ያ ዓረፍተ ነገር ምን ዓይነት ልምምድ እንደሆነ፣ ንክኪ ይኑረው አይኑረው፣ ጨዋታን ይጨምር አይጨምር አይልም፤ ሁሉም እንደሚፈልገው አነበበው። ከ11 ቀን በኋላ ማንም ሳይነካው፣ ኳስ ተቀብሎ ሲዞር ጉልበቱ ውስጥ ቧ ሲል ሰማ። ሲመጣ ጉልበቱን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አጠፍ አድርጌ፣ በአንድ እጄ ጭኑን ይዤ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ሳብ አደረግኩት። ጤነኛ ጅማት ሲሆን አጥንቱ ጥቂት ሄዶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእሱ ግን መቀርቀሪያ እንደሌለው በር ሄደ። ፊቴን ዓይቶ ነው መሰለኝ ምንም ሳልናገር ማልቀስ ጀመረ።

ያን ጊዜ በቃል የማውቀውን ሥነ ሕይወት በልቤ ያወቅኩት በዚህ ልጅ ነው። የተተከለ ጅማት ሲገባ የደም ሥር የሌለው፣ ከምንጩ የተቆረጠ ገመድ ነው። ገላ አዲስ የደም ሥርና አዲስ ሴል እያስገባ ይሠራዋል፤ በዚህ መሐል ግን መጀመሪያ አፍርሶ ነው የሚገነባው። ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ገደማ ጅማቱ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ደካማ ይሆናል። ችግሩ ልክ በዚያ ወቅት ሕመሙ ጠፍቶ፣ ክራንቹ ተጥሎ፣ ስፖርተኛው ድኛለሁ ብሎ የሚያምን መሆኑ ነው። የመጠንከሩ ሥራ በስድስት ወር አያልቅም፤ ከዓመት በላይ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የስካንዲኔቪያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ውድድር መመለስን በአንድ ወር ማዘግየት ዳግም የመጎዳትን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከሚመለሱት መካከል ደግሞ ከአራቱ አንዱ ገደማ በዚያው ወይም በሌላኛው እግሩ እንደገና ይጎዳል። ይህን ቁጥር አሁን ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ታካሚው ገና በራሱ እግር ሲገባ እነግረዋለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚነገር ዘጠኝ ወር እንደ ቅጣት ይሰማል፤ አስቀድሞ የተነገረ ግን የስምምነት አካል ይሆናል።

የደብዳቤዬንም አጻጻፍ ቀየርኩ። አሁን «በቀጥታ መስመር መሮጥ ይችላል፣ አቅጣጫ መቀየር፣ መዝለልና ንክኪ ያለው ልምምድ አልተፈቀደለትም፣ የሚቀጥለው ምርመራ በዚህ ቀን ነው» ብዬ እጽፋለሁ። አሠልጣኞች ይህን እንደሚጠሉት ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔ ያየሁት የተገላቢጦሹን ነው፤ የሚያናድዳቸው ድፍንፍን ያለ መልስ ነው።

አለመቅደድን የተማርኩት ከዚያም ዘግይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የስዊድን ተመራማሪዎች ኤሲኤል የተበጠሰባቸውን 121 ወጣቶች ለሁለት ከፍለው፣ ገሚሱን ወዲያው ቀዶ ሕክምና ከማገገሚያ ልምምድ ጋር ሰጧቸው፤ ገሚሱን ደግሞ በልምምድ ብቻ ጀምረው ጉልበቱ የሚከዳቸውን በኋላ ቀደዱ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሁለቱ ቡድኖች ሁኔታ አልተለያየም፤ በልምምድ ከጀመሩትም ከግማሽ በላዩ እስከዚያ ድረስ ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። ይህ እንግዲህ ለሁሉም አይሆንም፤ እንደ እግር ኳስና እጅ ኳስ ድንገት መታጠፍ ባለበት ስፖርት በከፍተኛ ደረጃ ለሚወዳደር ሰው ዛሬም ተከላን እመክራለሁ። ብስክሌት ለሚነዳ፣ ቀጥታ ለሚሮጥ፣ ለሚዋኝ ግን ሦስት ወር በደንብ የተሠራ ልምምድ ሳይሞከር ቀጠሮ መያዝ ችኮላ ነው። በዕድሜ ብዛት የተሸረሸረ ሜኒስከስ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ በ2013 የታተመው የፊንላንድ ጥናት በ146 ሰዎች ላይ ሜኒስከሱን መቁረጥን እንደተቆረጠ ከማስመሰል ጋር አወዳድሮ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ልዩነት አላገኘም። ሜኒስከስን ማውጣት ጉልበትን ዋጋ እንደሚያስከፍል እንግሊዛዊው ፌርባንክ በ1948 በራጅ አሳይቶ ነበር። እኛ ለመስማት ዘገየን። የሚከፈለን በቀደድነው ልክ በሆነበት አሠራር ውስጥ መዘግየታችን አይደንቀኝም፤ ወጣቱ ሐኪም ይህን ፈተና ስሙን ጠርቶ ቢያውቀው ይሻለዋል።

ለስምንት ዓመት የአንድ ቡድን ሐኪም ሆኜም ሠርቻለሁ። ከውጭ ሲያዩት የሙያው ጌጥ የሚመስለው ይህ ነው፤ ከውስጡ ግን የሁለት ጌታ ሎሌ የመሆን ሥራ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው ክለብ ነው፤ ታካሚው ግን ተጫዋቹ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የሥራ ኃላፊ ውሉ ሊታደስ ስለተቃረበ ተጫዋች የጉልበት ሁኔታ በስልክ ጠየቁኝ፤ እኔም እንደ ተራ ወሬ ነገርኳቸው። ውሉ ሳይታደስ ቀረ። ምክንያቱ የእኔ ወሬ ይሁን ሌላ ማረጋገጥ አልችልም፤ ተጫዋቹ ግን ሳላስፈቅደው መናገሬን አወቀ፤ ከዚያ በኋላ ከቡድኑ ማንም ሕመሙን በጊዜ አይነግረኝም ነበር። ያንን እምነት ለመመለስ ሁለት የውድድር ዘመን ፈጀብኝ። የቡድን ሐኪም የሚሆን ሰው ሥራ ሳይጀምር በጽሑፍ ማስፈር ያለበት ነገር ቢኖር ሁለት ነው፦ ስለ ተጫዋቹ ጤና ለማን ምን እንደሚነገር፣ እና የሜዳ ላይ የሕክምና ውሳኔ የሐኪሙ ብቻ መሆኑን። ሁለተኛው በተለይ በጭንቅላት ጉዳት ጊዜ ያስፈልጋል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተደናገረ ተጫዋች በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም፤ እኔ ደህና ነኝ ቢል፣ ውጤት በልቡ ቢያውቅ፣ ወጌሻው ቢማጸን አይመለስም። ሺህ ሰው እየጮኸ ይህን ለማለት ወረቀቱ ቀድሞ መፈረም አለበት።

የመከላከሉ ሥራ ጭብጨባ የለውም። ፊፋ 11+ የሚባለው 20 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ማሟሟቂያ በኖርዌይ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ጉዳትን በሲሶ ያህል መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ሴቶች በተመሳሳይ ስፖርት ኤሲኤላቸው የመበጠስ ዕድሉ ከወንዶች ስለሚበልጥ ለእነሱ ይበልጥ ይጠቅማል። የእኛን ቡድን ለማስጀመር አንድ ሙሉ ዓመት ለመንኩ። በመጨረሻ ያስቻለው የእኔ ንግግር አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ የተቀደደች የቡድኑ አምበል ከፊት ቆማ መሥራት ስለጀመረች ነው።

ከቅርቡ አንድ ነገር ልጨምር። አንዲት የመረብ ኳስ ተጫዋች ዘጠነኛ ወሯን ጨርሳ ለመመለሻ ምርመራ መጣች። ከፈተናዎቹ አንዱ በአንድ እግር ወደ ፊት ዘሎ፣ ሳይንገዳገዱ በዚያው እግር ማረፍ ነው፤ የተቀደደው እግር የጤነኛውን ቢያንስ 90 በመቶ መዝለል አለበት። እኔ በዚህ ቁጥር ብቻ አልወስንም፤ በወራት ዕረፍት ጤነኛውም እግር ስለሚሰንፍ ከደካማ ጋር ተወዳድሮ ማለፍ ይቻላል። እሷ በጤነኛው 150 ሴንቲ ሜትር ዘለለች። በሌላው ሦስት ጊዜ ሞክራ ከ128 አላለፈችም። ፊዚዮቴራፒስቱ ሜትሩን ከወለሉ ሳያነሣ አየኝ።

«ሰባት ሴንቲ ሜትር ናት እኮ የጎደለችኝ ዶክተር» አለች።

«ገና ነሽ» አልኳት። ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ እንደሚያጋድል በተቀረጸው ቪዲዮ አሳየኋት፤ የሚጎድላት ርቀቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ በየትኛው ልምምድ እንደምናስተካክለውም አስረዳኋት። መልስ አልሰጠችኝም። ጎንበስ ብላ ሜትሩን አነሣችና ሰባት ሴንቲ ሜትሯን በሁለት አውራ ጣቶቿ መሐል ለክታ ለአፍታ ተመለከተቻት። ቀጠሮዋን ጽፌ ሰጠኋት። ሜትሩን እንደያዘች ወጥታ ኖሮ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ሊያስመልሳት ኮሪደር ድረስ ተከተላት።